ባትሪ የሚበላ አሮጌ መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማታ ደህና የቆመ መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞርለት «ጠቅ» ይልና ዝም ይላል። ያኔ ዙሪያውን የቆመ ሁሉ ባለሙያ ነው። አንዱ ባትሪ ቀይር ይላል፣ ሌላው ካንዴላ፣ ሦስተኛው ዲናሞ። ዕቃው ይቀያየራል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ መኪናው እንደገና ይገፋል። የማወራው በፑንቲና (የማቀጣጠያውን ኤሌክትሪክ እያገናኘ በሚያቋርጠው ትንሽ ማብሪያ) ወይም በቀደምት ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ስለሚሠሩ፣ ኮምፒውተር ስላልበዛባቸው ባለ 12 ቮልት መኪኖች ነው። እነሱ ላይ ግምት አያስፈልግም። ለመለካት የሚመቹ ናቸው።

«ባትሪው ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ»

ሊሆን ይችላል። ግን የወረደ ባትሪና የሞተ ባትሪ አንድ አይደሉም። ማታ ማታ የሚበላው ነገር ካለ ጤነኛ ባትሪም ይወርዳል። አዲስ ቢገባለት አዲሱም ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ሙሉ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ የቀረው ግማሽ ያህል ነው። ከ12 በታች ከሆነ ደግሞ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉና ማታ ኔጌቲቭ ገመዱን ነቅለው ይተዉት። ጠዋት ገመዱን መልሰው ሲያስሩት ሞተሩ ፈጥኖ ከተነሳ ባትሪው ደህና ነው፣ በላተኛው መኪናው ውስጥ አለ። ተነቅሎ አድሮም ከወረደ ግን ጥፋቱ የራሱ የባትሪው ነው። መለኪያ የማይጠይቅ ፈተና ነው፤ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌሊት መጠበቅ የማይችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ካንዴላና የካንዴላ ገመድ ባትሪ ያወርዳሉ»

አያወርዱም። ያረጀ ካንዴላ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፣ ነዳጅ ያስበላል፣ አነሳሱን ያከብዳል። መኪናው ሲቆም ግን ካንዴላው ጋ የሚደርስ ኤሌክትሪክ የለም። ግንኙነት ካላቸው በተዘዋዋሪ ነው፦ ሞተሩ ቶሎ አልነሳ ሲል ሞተሪኖው (ማስነሻው) ደጋግሞ ይመታል፣ ባትሪው በዚያ ይደክማል።

«ቁልፉን ካወጣሁ ማቀጣጠያው ጠፍቷል»

ብዙዎችን ለወራት የሚያደክመው ይኼኛው ነው። ቁልፍ የሚገባበት ሲሊንደርና ከኋላው ያለው ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። በዓመታት ብዛት ሲሊንደሩ ይሰፋል፣ ቁልፉ ሳይዘጋም ይወጣል። ወይም ሲሊንደሩ በደንብ ይዞራል፣ ማብሪያው ግን ውስጡ ተበልቶ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው፣ ኮይሉ (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ጥቅል) ግን ኤሌክትሪክ እየጠጣ ነው።

ምን ያህል ይጠጣል? በፑንቲና በሚሠራ መኪና የኮይሉ ዋና መስመር፣ ሬዚስተር ካለው ከነሬዚስተሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ 3 ኦም አካባቢ ነው። 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ይሆናል። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ሂሳብ 11 ሰዓት ገደማ ቢቆይ ነው። ማታ የቆመ መኪና ጠዋት አይነሳም ማለት ነው።

ግራ የሚያጋባው ነገር ሁልጊዜ እንዲህ አለመሆኑ ነው። ሞተሩ ሲቆም ፑንቲናው ተገናኝቶ ከቆመ ኮይሉ ይጠጣል። ተላቆ ከቆመ መንገዱ ተቋርጧል፣ በኮይሉ በኩል የሚሄድ ነገር የለም። የት እንደሚቆም ደግሞ ማንም አይመርጥለትም። ስለዚህ ሰኞ ይነሳል፣ ማክሰኞ አይነሳም፣ ረቡዕ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። «አንዳንዴ ነው የሚያደርገው» የሚል ባለመኪና ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቁልፉን ማብሪያ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቁልፉን አውጡ። የመፈተሻ አምፖሉን አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር አስራችሁ ሌላውን የኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ ንኩ። ሊበራ አይገባም። ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ከበራ ሌባው ተይዟል፤ ሬዚስተር ባለበት መኪና ፑንቲናው ከተገናኘ ብርሃኑ የሚደበዝዘው ወጉ ነው። ካልበራም ቶሎ አትተዉት። ቁልፉን ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ አውጡ፣ የማብሪያውን ሶኬት ከኋላ ነካ ነካ አድርጉት። መኪናው ከቆመ ብዙ ሰዓት ሆኖት ኮይሉን በእጅ ሲነኩት ሞቅ ካለም ሌላ ምስክር አያስፈልግም። እንዲህ ሲግል የሚያድር ኮይል ራሱም ዕድሜ የለውም፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል።

«ኮንደንሰሩ ነው የሚበላው»

ኮንደንሰር (ከፑንቲናው ጋር የሚታሰረው ትንሽ ዕቃ) ቋሚ የባትሪ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ውስጡ ሾርት ካደረገ ሞተሩ ጭራሽ አይነሳም፣ ምክንያቱም ብልጭታ አይኖርም። ይለፍ።

«ቻርጅ እያደረገ ስለሆነ ዲናሞው ንጹህ ነው»

ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከታየ ዲናሞው ቻርጅ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ያ ማለት ግን ማታ አይበላም ማለት አይደለም። በውስጡ ያሉት ዳዮዶች ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው እንዲሄድ እንጂ እንዳይመለስ የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ሲበላሽ ቀን ቻርጅ ማድረጉ ይቀጥላል፣ ማታ ግን በዚያው መስመር ወደ ኋላ ይሾልካል። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ዲናሞው ብቻ ለብ ካለ፣ ወይም ቁልፉ ወጥቶ የቻርጅ መብራቷ በስሱ ከታየች ጠርጥሩ። ለማረጋገጥ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ከዚያ ከዲናሞው ጀርባ ወፍራሙን ሽቦ ፈትታችሁ ጫፉን ሸፍኑትና ፍጆታውን እንደገና ለኩ (አለካኩ ከታች አለ)። ቁጥሩ ከወደቀ አገኛችሁት።

«ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ማየት ጥሩ ፈተና ነው»

እባካችሁ ተዉት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቴጁ በድንገት ይዘላል። ዳዮዶቹን፣ ሬጉሌተሩን (የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን)፣ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ካለ ሞጁሉን ያቃጥላል። ጥንት ዳዮድ በሌላቸው ዲናሞዎች ዘመን የተለመደ ዘዴ ነው፣ ዘመኑ ቢያልፍም ልማዱ ግን አልጠፋም።

«ገመዱ ሲታሰር ብልጭ ካለ ሾርት አለ»

ብልጭታ መጠን አይናገርም። ሰዓትና ሬዲዮ ብቻም ትንሽ ብልጭ ያደርጋሉ። የሚናገረው መልቲሜትር ነው። ቀዩን ሽቦ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ሰክታችሁ ሜትሩን በኔጌቲቩ የባትሪ ራስና በተነቀለው ገመድ መካከል አስገቡት። በር ይዘጋ፣ የኮፈን መብራት ካለ አምፖሉ ይውጣ። ሜትሩ እንደተያያዘ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ፊውዙን ያቃጥላል።

ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ሰዓት ብቻ ያለው አሮጌ መኪና ግን ከዚያም በጣም ማነስ አለበት። የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ሳትጠፋ የቀረች ባለ 5 ዋት አምፖል ብቻዋን 400 ሚሊአምፔር ገደማ ትወስዳለች፣ በቀን 10 አምፔር ሰዓት መሆኑ ነው።

ቀጥሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ቁጥሩን ተመልከቱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ሁሉም ፊውዝ ተነቅሎ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ «ሜትሩ ተበላሽቷል» ይላሉ። በብዙ አሮጌ መኪኖች የማቀጣጠያው መስመር፣ የዲናሞው ወፍራም ሽቦና የሞተሪኖው ገመድ በፊውዝ ሳጥኑ በኩል አያልፉም። ቁጥሩ አልወድቅ ሲል ሜትሩ እየነገራችሁ ያለው ወደ እነዚህ ሂዱ ነው።

«20 ደቂቃ ካስነሳሁት ባትሪው ይሞላል»

ሞተሪኖው የወሰደው ይመለስ ይሆናል። ግማሹ ያለቀ ባትሪ ግን ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ዲናሞው የሚሰጠው ትንሽ ነው። በቻርጀር ያሳድሩት። ወርዶ የሚቆይ ባትሪ ሰልፌት (ሳህኖቹ ላይ የሚጋገር ጨው) ይይዛል፣ አቅሙም እንደ ድሮው አይመለስም።

«ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ብቀይረው ባትሪ መብላቱ ይቆማል»

ፑንቲና ማስተካከል ለሰለቸው ሰው ጥሩ ለውጥ ነው። ጥፋቱ ከቁልፉ ማብሪያ ከሆነ ግን ምንም አይፈይድም፣ እንዲያውም አዲሱ ሞጁል ኤሌክትሪክ ላይ ያድራል። ሞተሩ ሳይሠራ ቁልፉ ተከፍቶ ሲቆይ የሚቃጠሉ ሞጁሎች አሉ። በብዙ መኪኖች የኤሌክትሪኩ ማብሪያ ከሲሊንደሩ ተለይቶ ስለሚወጣ ያንን ብቻ መቀየር ይቻላል። ቁልፉ ያው የድሮው ይሆናል።