የካላሃሪው የሐር ራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቦትስዋና፣ በናሚቢያና በሰሜናዊ ደቡብ አፍሪካ ደረቅ አካባቢዎች ስለሚኖረው ጎኖሜታ ፖስቲካ የተባለ የእሳት ራት ወሬ በተነሳ ቁጥር «ወቅቱ አልፎ ያልተፈለፈለ ኮኩን (እጩ ከሐር ሠርቶ ራሱን የሚሸፍንበት ጎጆ) የሞተ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል፤ አስቀድሜ ግን ቀለል ያሉትን ስህተቶች ላንሳ።

ሐር የሚፈትለው የሙልቤሪ ቅጠል የሚመገበው ትል ብቻ አይደለም፤ በዋናነት የግራር ቅጠል የሚበላው የጎኖሜታ እጭም እውነተኛ ሐር ይፈትላል። ክንፍ ያወጣው ራት ልብስ ይበላል መባሉም ስህተት ነው፤ ጭራሹን አይመገብም፣ በእጭነቱ ባከማቸው ስብ ጥቂት ቀናት ኖሮ ዘሩን ተክቶ ይሞታል።

ካላሃሪ ዛፍ የሌለበት የአሸዋ ክምር የሚመስላቸውም ብዙዎች ናቸው። አብዛኛው ክፍሉ ሣርና ግራር የበቀለበት አሸዋማ ሜዳ ነው፤ የአንዳንዱ ግራር ሥር እጅግ ወደ ጥልቅ ስለሚወርድ ዝናብ በራቀበት ወቅት እንኳ ዛፉ ቅጠል ያወጣል፣ እጩም በዚያ ይኖራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ ይህ ራት በዓመት ሁለት ትውልድ ሊያፈራ ይችላል፤ ይሁን እንጂ የአንድ ትውልድ ሙሽሬዎች (በኮኩን ውስጥ ወደ ራትነት በመለወጥ ላይ ያሉት) ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጡም። ከፊሎቹ ሳይዘገዩ ራት ሆነው ሲበሩ፣ ሌሎቹ እድገታቸውን ገትተው ደረቁንና ቀዝቃዛውን ወቅት በኮኩናቸው ውስጥ ያሳልፋሉ። ዝናቡ በማይታመንበት አገር ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጥተው ቅጠል ቢያጡ ትውልዱ በሙሉ ይጠፋ ነበር፤ የዘገየው ሙሽሬ ለዝርያው መጠባበቂያ ነው። በአንድ ወቅት «የሞተ ነው» ተብሎ የተሰጠኝን ከረጢት ሙሉ ኮኩን በወንፊት ሽቦ በተሠራ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ነበር፤ ሙቀቱ ሲመለስ ከብዙዎቹ ራቶች ወጥተው፣ ክንፋቸው እስኪዘረጋ ድረስ በሽቦው ላይ ተንጠልጥለው አገኘኋቸው። እነዚያ ኮኩኖች ለሐር ሥራ ተቀቅለው ቢሆን ኖሮ የቀጣዩ ትውልድ ወላጆች አብረው ይቀቀሉ ነበር።

ስለዚህ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ከመልቀሙ በፊት ይመርምር። ኮኩኑ እንደ ደረቅ ቆዳ የጠነከረ ሲሆን፣ የእጩ የሚዋጉ ፀጉሮች በግድግዳው ውስጥ ተሰግስገው ስለሚገኙ በባዶ እጅ መንካት አይገባም። ጫፉ ላይ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ካለው ራቱ ወጥቷል፤ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉት ሙሽሬውን ጥገኛ ዝንቦች ወይም ተርቦች በልተውታል ማለት ነው። ቀዳዳ የሌለውና ሲያነሱት ከበድ የሚለው ግን በሕይወት እንዳለ ተቆጥሮ በዛፉ ላይ ይተው። ቀዳዳ ያለው ለሐር ሥራ አይሆንም የሚሉም ተሳስተዋል፤ ክሩን አንድ ወጥ አድርጎ መተርተር ባይቻልም፣ ጠንካራውን ሽፋን ካለሰለሱ በኋላ እንደ ጥጥ ተዳምጦ ይፈተላል።

ባዶ ኮኩን በግራሩ ሥር ወድቆ ቢቀር ጉዳት የለውም የሚለውም ትክክል አይደለም። ከብቶች የወደቀውን የግራር ፍሬ ሲለቅሙ ኮኩኑንም አብረው ይውጡታል፤ ሐሩ በጨጓራቸው ውስጥ ስለማይፈጭ እየተጠቀለለ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ እንስሳውም ሊሞት ይችላል። በግጦሽ ቦታ ቅድሚያ ሊለቀም የሚገባው ይህ መሬት ላይ የወደቀው ባዶ ኮኩን ነው።