የአህጉራት ጉዞ ማስረጃ ምንድን ነው?

ዝናብ በጠና ቁጥር ከጅማ ዙሪያ የተሰነጠቀ ማሳ ፎቶ ይለጠፍና «አፍሪካ ለሁለት ስትከፈል ማስረጃው ይኸው» ይባላል። ይህን ደጋግመው የሚጽፉ አንድ አስተያየት ሰጪ አሉ፤ ለእሳቸው ነው የምመልሰው።

ውሃ የጠገበ ቀይ አፈር ተዳፋት ላይ ሲከብድ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ማጭድ ከጎበጠና ከታቹ ያለው መሬት ዝቅ ካለ ናዳ ሊመጣ ነውና ከሥሩ ያለ ቤት ይለቀቅ። ስምጥ ሸለቆው ከጅማ በስተምሥራቅ ነው፤ የሚሰፋውም በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። የሶማሊያ ፕሌት (በስምጥ ሸለቆው ምሥራቅ ያለው ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ) ተገንጥሎ ቢሄድ እንኳ ጅማ ከአፍሪካ ጋር ነው የምትቀረው። እርግጥ በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከፍቷል፤ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር። እሱም ቢሆን መሬት ዛሬ እንደሚንቀሳቀስ ያሳያል እንጂ አህጉር ድሮ የት እንደነበረ አይናገርም።

«የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ካርታ ይገጣጠማል» የሚሉትም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ለሁለት ቢሰነጠቅ ጠርዙ በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ጠራቢው የሚያየው የእንጨቱ መስመርና የተቀረጸው ጌጥ ከአንዱ ስባሪ ወደ ሌላው መቀጠሉን ነው። የባሕር ዳርቻም የተበላ ጠርዝ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1965 የጂኦፊዚክስ ሊቁ ቡላርድና ባልደረቦቹ አፍሪካንና ደቡብ አሜሪካን በኮምፒውተር ሲያጋጥሙ የተጠቀሙት 900 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያለውን የባሕር ሥር ተዳፋት ነበር። ጌጡ ደግሞ በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ብቻ የሚገኘው የሜሶሳውረስ (የጥንት ተሳቢ እንስሳ) ቅሪተ አካል ነው። አህጉራት ይጓዛሉ ያለው ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬግነር እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሞገተው በዚህ ዓይነቱ ማስረጃ ነበር። ስባሪው እንጨት ግን ዛፉ የት እንደበቀለ አይነግረንም። ድንጋይ ይነግረናል።

ላቫ ቀዝቅዞ ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ በውስጡ ያለው ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን የዕለቱን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። አቅጣጫው ምድር ወገብ ላይ አግድም፣ ዋልታ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ የዝንባሌው (ከአግድም የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ታንጀንት የኬክሮሱ ታንጀንት እጥፍ ነው። ሙምባይ 19 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በአካባቢዋ 35 ዲግሪ ገደማ ዝንባሌ መጠበቅ ነበረብን። ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የምዕራብ ሕንዱ የዴካን ባዛልት (ከላቫ የተገኘ ጥቁር ድንጋይ) የያዘው ዝንባሌ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 30 ዲግሪ አካባቢ ይወስደናል። ሕንድ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ተጉዛለች ማለት ነው። የጅማ ባዛልት በዚህ ረገድ ደካማ ምስክር ነው፤ ከፈሰሰ ወዲህ አፍሪካ የተጓዘችው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

ልኬቱ ብዙ ወጥመድ አለበት። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ናሙና ተቆፍሮ ከመነቀሉ በፊት አቅጣጫው ይመዘገባል፤ ባዛልቱ ራሱ ኮምፓስን ስለሚያሳስት በፀሐይ ጥላና በሰዓት ይረጋገጣል። ከኮረብታ አናት አይወሰድም፣ መብረቅ የመታው ድንጋይ አዲስ ማግኔት ይይዛልና። ወደ ቀይ አፈር መለወጥ የጀመረውም አይሆንም፣ ብረቱ ተቀይሯል። የድንጋይ ካባ ወይም ወንዝ የቆረጠው ገደል ይሻላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙናው ደረጃ በደረጃ እየጋለ በኋላ የተደረበበት ማግኔት ይራገፋል።

ከአንድ የላቫ ፍሰት ብቻ ማንበብም አይበቃም። በሺዎች ዓመታት አማካይ ጅማ ላይ 15 ዲግሪ ገደማ ዝንባሌ ይጠበቃል፤ ዛሬ ግን የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ መርፌው እዚህ አግድም ሊተኛ ምንም አይቀረው። ዛሬ የቀዘቀዘ አንድ ላቫ ብቻ ያነበበ ሰው ጅማን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይወስዳታል። ለዚህ ነው በተለያየ ዘመን የፈሰሱ ብዙ ንጣፎች የሚለኩት።

ዝንባሌ የሚሰጠው ኬክሮስን ብቻ ነው፤ ስለ ኬንትሮስ ዝም ይላል። አትላንቲክ ወደ ጎን መከፈቱን ያሳየው የውቅያኖሱ ወለል ነው፤ የጂኦፊዚክስ ሊቃውንቱ ቫይንና ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስረዱት፣ የምድር ማግኔት በተገለበጠ ቁጥር አዲስ ወለል ከሚፈጠርበት የውቅያኖሱ መካከለኛ ተረተር ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ዥንጉርጉር የማግኔት መስመር ይቀራል።