ፖትሳይ ምንድን ነው?

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው አንድ ቃል ይበቃናል፤ የምንጽፍበትም ቀለም ነው፣ ግድግዳ የምንቀባበትም ቀለም ነው። ቻይናውያን ግን ይለዩታል። ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራው ጥቁሩ «ሞ» ነው፤ ሰማያዊው፣ አረንጓዴውና ቀዩ «ትሳይ» ይባላሉ። «ፖ» ማለት መድፋት፣ መርጨት ነው። እንግዲህ ፖሞ ጥቁር ቀለም እየደፉ መሣል ሲሆን ፖትሳይ ደግሞ ኅብረ ቀለም እየደፉ መሣል ነው።

ፖሞ ጥንታዊ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ ዋንግ ሞ የተባለ ሠዓሊ መጠጡ ሞቅ ሲያደርገው ቀለሙን ደፍቶ፣ እየሳቀና እየዘፈነ በእጁም በእግሩም ያዳርሰው፣ ከእድፉም ውስጥ ተራራና ደመና ያወጣ እንደነበር ይተረካል። ፖትሳይ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው፤ የጎለመሰውም በስደት ነው።

ያሳደገው ቻይናዊው ሠዓሊ ዣንግ ዳቺየን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 በሲቹዋን ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ ጃፓን፣ ኪዮቶ ሄዶ የጨርቅ ማቅለም ተማረ። የጥንት ሠዓሊዎችን ሥራ እየቀዳ እጁን ስላሰላ፣ አስመስሎ የሠራቸው ሥዕሎች አዋቂዎችን ሳይቀር አሳስተዋል። ከ1941 እስከ 1943 በሰሜን ምዕራብ ቻይና በረሃ ዳር ባሉት የዱንሁዋንግ ዋሻዎች ሰንብቶ የቡድሂስቶችን የግድግዳ ሥዕሎች ቀዳ። የድንጋይ ቀለም ያለውን ድምቀት፣ ማለትም አዙራይት ተፈጭቶ የሚሰጠውን ሰማያዊና ማላካይት የሚሰጠውን አረንጓዴ፣ ከልቡ ያወቀው እዚያ ይመስለኛል። በ1949 ከአገሩ ወጣ። ሆንግ ኮንግን፣ ህንድንና አርጀንቲናን አልፎ በብራዚል፣ ከሳኦ ፓውሎ ብዙም ሳይርቅ ተቀመጠ፤ መሬት ገዝቶ ሐይቅ ያለበት የቻይና አትክልት ስፍራ አበጀ። በ1957 ዓይኑ ታመመ። ፀጉር የሚያህል መስመር ይስብ ለነበረ ሰው ይህ ከባድ መከራ ነው። ወደ መድፋቱ የመራውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተዘረጋው ወረቀት ይረጥብና ጥቁሩ ቀለም ከሳህን ይፈስበታል። ሠዓሊው የወረቀቱን ጠርዝ ከፍ ዝቅ እያደረገ ፈሳሹን ይመራዋል፤ አንዱ ጋ ያጠራቅመዋል፣ ሌላው ጋ እስኪሳሳ ይለቀዋል። በላዩ ሰማያዊውና አረንጓዴው ይደፋል። የድንጋይ ዱቄት በውኃ ስለማይሟሟ ሲደርቅ ጥቁሩ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ድምቀቱም ከዚያ ነው። ከደረቀ በኋላ ሠዓሊው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ይህ ገደል ነው፣ ያ ጭጋግ ነው። በመጨረሻ ብሩሽ ያነሳና ከእድፉ ጥግ ጥቂት የዛፍ ግንዶች፣ አንዲት የቤት ጣሪያ ያኖራል።

ለእኔ የፖትሳይ ነፍስ ያለችው በዚያች ጣሪያ ውስጥ ነው። ጥፍር አታክልም፤ ግን ብትሸፍኗት ሰማያዊው ሁሉ የፈሰሰ ቀለም ብቻ ይሆናል። ስትገልጧት ተራራው ይቆማል፣ ሸለቆው ይጎደጉዳል፣ ከጭጋጉ በታች ሰው እንደሚኖር ይታወቃችኋል።

ሰዎች የሚከራከሩት ከየት መጣ በሚለው ነው። በ1950ዎቹ በኒውዮርክና በፓሪስ ሠዓሊዎች ሸራ ላይ ቀለም ያፈስሱ፣ ይረጩ ነበር፤ ዣንግም አውሮፓን አይቷል፣ በ1956 ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ከፒካሶ ጋር ተገናኝቷል። እርሱ ግን ሥሩ የታንግ ፖሞ ነው ይል ነበር። እኔ አምነዋለሁ፤ ከእድፍ ውስጥ ተራራ ማንበብ የቻይና ትምህርት ነው። የሥዕሉን እኩሌታ መልክ ሳያበጁለት መተው ግን ሌላ ድፍረት ይጠይቃል፤ ያንን ድፍረት ምዕራቡን ካየ በኋላ ያገኘው ይመስለኛል። በ1968 በኦስትሪያ ተራሮች መካከል ያለውን የአኸን ሐይቅ በዚሁ መንገድ ሲሥል አውሮፓዊው ውኃ የዱንሁዋንግን ሰማያዊ ለበሰ።

በስተርጅና የታይዋን ዋና ከተማ ታይፔ ገባ። በ1981 አሥር ሜትር ያህል የሚረዝም የሉ ተራራ ሥዕል ጀመረ። ሉ ያለው በዋናው ቻይና፣ በጂያንግሺ ግዛት ነው። በሚያዝያ 1983 ሲሞት ሥዕሉ ገና አላለቀም ነበር። ተራራውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።