የጥበቃ አጥር ምንድን ነው? ደም እያየን የምንደሰተው ለምንድን ነው?

ነብር ፊት ለፊት ቢገጥማችሁ ትርበደበዳላችሁ። ባዶ የአውሬ ማጎሪያ ፍርግርግ ብታዩ ይሰለቻችኋል። ነብሩ ከፍርግርጉ ኋላ ሆኖ ሲያገሳ ግን ልባችሁ እየመታም ዓይናችሁን አትነቅሉም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክል አፕተር የጥበቃ አጥርን ያስረዳው በዚህ ምሳሌ ነው። አደጋው ይታያል፤ ግን አይደርስባችሁም።

የሆረር ፊልም አጥር ስክሪኑ ብቻ አይደለም። «ተዋናይ ነው፣ ደሙም ቀለም ነው» የሚለው እውቀትም አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው «ሳይኮ» ፊልም ላይ ሻወር ውስጥ የሚፈሰው ደም የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። አንዳንዴ አጥሩን ራሳችን እናጠብቀዋለን። ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ በጣቶቹ መሃል የሚያይ ሰው አይታችሁ የለ? እኔ ግን የምይዘው ጆሮዬን ነው። ድምፁ ሲጠፋ ግማሹ ፍርሃት አብሮ ይሄዳል።

አጥሩ ሲነሳስ? በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እውነተኛ የከብት እርድ የሚያሳይ ዶክመንተሪ አሳዩ። «ካስጠላችሁ አጥፉት» አሏቸው። አብዛኞቹ ሳይጨርሱ አጠፉት። ከዚህ የባሰ ደም የሚፈስበትን ልብ ወለድ ፊልም ግን ስንቱ ከፍሎ ያያል!

ጨለማ ሙዚቃ ላይም ነገሩ ያው ነው። «ስለ ግድያ የሚዘፍን ባንድ የሚወድ ሰው ልቡ ደንዝዟል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውስትራሊያው ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ፈተሹት። ዴዝ ሜታል የሚባለውን፣ ስለ ሞትና ግድያ እየጮኸ የሚዘፍን ከባድ ሙዚቃ የሚያፈቅሩ 32 ሰዎችንና 48 ሌሎች ሰዎችን ሙዚቃ እያሰሙ፣ በአንድ ጊዜ ለአንዱ ዓይናቸው የጥቃት ምስል፣ ለሌላው ተራ ምስል አሳዩ። የሌሎቹ አእምሮ የጥቃቱን ምስል አስቀደመ። የአፍቃሪዎቹም እንደዚያው። ልባቸው ደንዝዞ ቢሆን ኖሮ የጥቃቱ ምስል እንዲህ አይቀድማቸውም ነበር። አልደነዘዙም ማለት ነው። በሙዚቃው ምክንያት ስንት ወጣት ክፉ ስም እንደሚለጠፍበት ሳስብ፣ ይህን ውጤት ብዙ ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ሰውነት ግን አጥሩን ሁልጊዜ አይለይም። ደም ሲያዩ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ድንገት ወርዶ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች አሉ። ፈሪ ስለሆኑ አይደለም፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ስለሚያንስ ነው። እውነተኛ ጥቃት በዓይኑ ላየ ሰው ደግሞ አንድ ጩኸት ብቻ አጥሩን ሊያፈርሰው ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አብሯችሁ እያየ ፊቱን ካዞረ «ፊልም እኮ ነው» አትበሉት። ሪሞቱን አቀብሉት።