የድረ ገጽ ዋና ርዕስ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

ዋና ርዕስ የሚባለው ገጹ ሲከፈት ከላይ በትልቁ የሚነበበው መስመር ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ስድስት የርዕስ ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ኤች1 ይባላል። ሥራው ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ለሰውም ለጉግልም መንገር ነው።

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር «አልጋ አለ» የሚል ታፔላ ካየ በቃው። ጥሩ ኤች1 ልክ እንደዚያ ታፔላ ነው።

የብዙ ድርጅቶች ገጽ ግን «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ይጀምራል። ሰላምታው ደስ ይላል፤ ነገር ግን በዚህ ቃል አልጋ የሚፈልግ ሰው የለም። ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ማረፊያ አለ እንበል። እንግዳው ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ስልኩ ላይ የሚጽፈው «ደሴ አልጋ ዋጋ» ነው። ስለዚህ ርዕሱ «ደሴ ፒያሳ የአልጋ ክፍሎችና ዋጋቸው» ቢሆን ይሻላል። ሰላምታው ከሥሩ ይግባ።

ለእኛ ከባዱ ነገር ፊደሉ ነው። አንዱ «ፀጉር ቤት» ይላል፣ ሌላው «ጸጉር ቤት»። አንዱ «የቤት ዕቃ»፣ ሌላው «የቤት እቃ»። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በላቲን ፊደል የሚፈልገውም ብዙ ነው፤ ኮምቦልቻማ በኬም በሲም ይጻፋል። እኔ የምመክረው ደንበኞቻችሁ የሚጽፉትን ርዕሱ ላይ ማድረግ፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ በወጉ ማስገባት ነው። ሁሉንም ርዕሱ ላይ መደርደር ያስጠላል፤ አንባቢም ይሸሻል።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ፈላጊው ግን ለይቶ ነው የሚጽፈው። ሁለቱም ከተማ ቅርንጫፍ ያለው ሶፋ ሻጭ ሁለት ገጽ ይሥራ፣ ለየገጹም የራሱን ርዕስ ይስጥ። አድራሻውና ስልኩም የየቅርንጫፉ ይሁን፤ የከተማውን ስም ብቻ ቀይሮ ያንኑ ጽሑፍ መድገም አይጠቅምም።

ሌላው ስህተት ርዕሱን በፎቶሾፕ ባነር ላይ ጽፎ በፎቶ መለጠፍ ነው። ያምራል፣ ግን ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ እንደ ርዕስ አይቆጠርም። ባነሩ ይኑር፤ ርዕሱ ግን በጽሑፍ ይግባ።

ኤች1 እና የገጹ መጠሪያ አንድ አይደሉም። መጠሪያው ብሮውዘሩ ታብ ላይ የሚታየው ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉግል ውጤት ላይ የሚወጣውም እሱ ነው። ጉግል በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ግን መጠሪያው ካልተመቸው ከኤች1 ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ይቀራረቡ።

ኤች1 ብቻውን ገጹን ከጉግል ውጤቶች ከላይ አያወጣውም። የጉግሉ ጆን ሙለር በ2019 እ.ኤ.አ. ገጽ ያለ ኤች1ም ሆነ በአምስት ኤች1 ጥሩ ደረጃ ሊያገኝ እንደሚችል ተናግሯል። ለእኔ ግን አንድ መሆኑ ይበልጣል። ባለቤቱ ገጹ ስለ ምን እንደሆነ ቁርጡን እንዲወስን ያስገድደዋል።

ደግሞ ርዕስ ለጉግል ብቻ አይደለም። ማየት የተሳነው ሰው ገጹን በድምፅ የሚያነብለትን ስክሪን ሪደር ሲጠቀም አንድ ቁልፍ እየነካ ከርዕስ ወደ ርዕስ ይዘልላል። ጽሑፉ በኤችቲኤምኤሉ ርዕስ ሳይባል ዝም ብሎ ፊደሉ ከወፈረና ከተለቀ፣ ቁልፉን ሲነካ አልፎት ይሄዳል።