«ትልቅ ቴሌቪዥን ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» ስለ ግዙፍ ስክሪን ዘጋቢ ፊልሞች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ግዙፍ ስክሪን ላይ የሚታዩትን ዘጋቢ ፊልሞች ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ብዙውን ጊዜ ሙዚየም ወይም የሳይንስ ማዕከል ውስጥ ነው የሚገኙት። ፎቅ ቤት የሚያክል ስክሪን ፊት ትቀመጣላችሁ። ዓሣ ነባሪ አናታችሁ ላይ ያልፋል። ካሜራው በተራራ ላይ ሲበር ቆይቶ ገደል አፋፍ ሲደርስ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል፣ እናንተም የወንበራችሁን እጀታ ጨብጣችሁ ትቀራላችሁ።

እኔ እነዚህን ፊልሞች እወዳለሁ። ስለዚህ ሰው ስለነሱ ሲያወራ ጆሮዬ ይቆማል። የምሰማው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። አንዳንዱ ምንም አይልም፣ ያልፋል። አንዳንዱ ግን ፊልሙን የምናይበትን ዓይን ያበላሻል። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ተራ ፊልም ነው፤ ስክሪኑን ብቻ ነው ያተለቁት»

ዋናው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልያዘው።

የፊልም ፍሬም ማለት አንዲት ትንሽ ፎቶ ናት። የተለመደው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ፍሬሙ ከቴምብር አይበልጥም። ያቺን ቴምብር 22 ሜትር በ16 ሜትር በሆነ ስክሪን ላይ ስትለጥጧት ሁሉም ነገር ይሳሳል፣ ይደበዝዛል። ስክሪን ማሳደግማ ማንም ያሳድጋል፣ ጭንቁ ስክሪኑን የሚሞላ ምስል ማግኘቱ ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው በ1967 ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ኤክስፖ፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ ላይ ነው። ግሬም ፈርጉሰንና ሮማን ክሮይተር የሚባሉ ካናዳውያን ፊልም ሠሪዎች ብዙ ፕሮጀክተር አቀናጅተው በብዙ ስክሪን የሚታዩ ሥራዎችን እዚያ አቅርበው ነበር። ያን ሁሉ ፕሮጀክተር እኩል ማስኬድ ራስ ምታት ነው። ስለዚህ ከሮበርት ከር ጋር ሆነው አንድ ብቻ፣ ግን ኃይለኛ የሆነ ፕሮጀክተር ወደ መሥራቱ ዞሩ። 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ፊልም በጎኑ አስተኙት። ተራ ፊልም ከላይ ወደ ታች ይሮጣል፣ ይሄኛው ግን በአግድም ነው የሚሮጠው። አንዱ ፍሬም በጠርዙ ላይ 15 የመጎተቻ ቀዳዳ ይይዛል፣ የተለመደው 35 ሚሊ ሜትር 4 ብቻ ነው። የምስሉ የቆዳ ስፋት ወደ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። ፊልም ፕሮጀክተር ውስጥ ዝም ብሎ አይፈስም። በሰከንድ 24 ጊዜ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ይሄን የሚያክለውን ፊልም በተለመደው ጥርስ እየነከሱ ቢጎትቱት ይቀደዳል። መላውን ያመጣው ሮን ጆንስ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፣ የካናዳዎቹ መሐንዲስ ዊልያም ሾው ደግሞ ለዚህ ፊልም እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። ፊልሙን መጎተት ቀረ። እንደ አባጨጓሬ ጀርባ ጉብ እያለ እንደ ሞገድ ያልፋል። እያንዳንዱ ፍሬም በእርጋታ ቋሚ ችንካሮች ላይ ያርፋል፣ አየሩ ተስቦ ሌንሱ ጀርባ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ብርሃን ያልፍበታል፣ ይነሳል። ምስሉ ያን በሚያክል ስክሪን ላይ ሳይንቀጠቀጥ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። አምፖሉ ራሱ 15 ኪሎዋት የሚደርስ ስለሆነ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው።

የመጀመሪያው ፊልም በ1970 የኦሳካ ኤክስፖ ላይ ታየ። በ1971 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ ቋሚ አዳራሽ ተከፈተ።

«ግዙፍ ስክሪን ማለት አይማክስ ነው»

አይማክስ የኩባንያ ስም ነው፣ ከላይ ያወራንላቸው ካናዳውያን የመሠረቱት። ግዙፍ ስክሪን ያላቸው ግን የሱ ያልሆኑ አዳራሾች አሉ፣ ጉልላት ቅርጽ ያላቸውም አሉ፣ ምስሉ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከላይና ከጎን ጭምር የሚከባችሁ። በተቃራኒው ደግሞ ስሙ የተለጠፈበት ሁሉ ስድስት ፎቅ አያክልም። ከ2008 ጀምሮ ተራ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ የገቡት ዲጂታል አዳራሾች ስክሪናቸው አነስ ያለና ጎኑ የረዘመ ነው። የድሮው ወደ ካሬ የተጠጋ፣ ቁመታም ነው። ስሙን ብቻ አይቶ ገብቶ «ይሄው ነው እንዴ?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

በነገራችን ላይ የሆሊዉድ ትልልቅ ፊልሞች እዚህ ቤት የገቡት ዘግይተው ነው። ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቤቱ በአብዛኛው የተፈጥሮ፣ የሳይንስና የጀብዱ ፊልሞች ነበር። እንግዶቹ ማን እንደሆኑ ልብ በሉልኝ።

«አርባ ደቂቃ ብቻ? አጭበርብረውናል!»

ሒሳቡን እንሥራው። ይሄ ፊልም በደቂቃ ከ100 ሜትር በላይ ይሮጣል። የ40 ደቂቃው ፊልም ተዘርግቶ ቢለካ ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ተጠቅልሎ ሲቀመጥ የአንድ ሰው ሸክም አይደለም።

ቀረጻው ላይ ደግሞ ይብሳል። ካሜራው አንዴ የሚጎርሰው ወደ 300 ሜትር ፊልም ነው። ሦስት ደቂቃ! ከዚያ ቆሞ ፊልም መቀየር ነው። እስቲ አስቡት፣ አንበሳዋ ከቁጥቋጦው እስክትወጣ ቀኑን ሙሉ ትጠብቃላችሁ፣ ስትወጣ ካሜራውን ታስነሳላችሁ፣ ሣር ውስጥ ለጥ ብላ ሁለት ደቂቃ ተኩል ታደባለች፣ ልትዘል ስትል ፊልሙ ያልቃል። ካሜራው እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚጮኽ መሆኑንም አትርሱ።

በ2009 ጠፈርተኞች ሐብል ቴሌስኮፕን ሊጠግኑ ሲሄዱ መንኮራኩሯ የጭነት ክፍል ውስጥ ባለ ስሪ ዲ (ለሁለቱ ዓይን ሁለት ምስል የሚቀርጽ) ካሜራ ተገጥሞ ነበር። ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ፊልም ተጭኖለታል፣ የሚቀርጸው ግን ስምንት ደቂቃ ብቻ ነው። ለዚያ ሁሉ ጉዞ ስምንት ደቂቃ። አሁን ስልካችን ላይ ድመት ስናባርር የምንቀርጸው ከዚያ ይበልጣል።

የአዳራሹም ጉዳይ አለ። ሙዚየም ከሆነ በየሰዓቱ አንድ ዙር ተማሪ አስገብቶ ማስወጣት አለበት፣ ስለዚህ አርባ ደቂቃው ልክ ይሆናል። ይሄን ስል ማጠሩ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ ፊልም አንድ ሙሉ ውቅያኖስን አርባ ደቂቃ ውስጥ ሊከት ሲል ተራኪው ብቻ ይሮጣል፣ እኛ ምንም ሳንይዝ እንወጣለን። ጥሩዎቹ አንድ ነገር ይመርጣሉ።

«እንደዚያ ያለ ቦታ በሄሊኮፕተር ነው የሚቀርጹት»

ከአየር የሚቀረጽ አለ፣ እውነት ነው። እሱም ቢሆን ዋዛ አይደለም። በ1976 ዋሽንግተን ውስጥ ላለው የአየርና የጠፈር ሙዚየም ስለ በረራ የተሠራውን ፊልም ከግሬግ ማክጊሊቭሬይ ጋር ያዘጋጀው ጂም ፍሪማን፣ ፊልሙ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቷል።

ኤቨረስት ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ1996 አናቱ ላይ ሄሊኮፕተር አርፎ አያውቅም። ካሜራው በሰው ጀርባ ነው የሚወጣው። ዴቪድ ብሬሺርስ የሚመራው ቡድን ለዚያ ጉዞ ካሜራውን አቅልሎ ወደ 19 ኪሎ አወረደው። እዚያ ከፍታ ላይ የራስን እግር ማንሳት እንኳ ሥራ ነው። የሚጎርሰው ፊልም ደግሞ ወደ 90 ሰከንድ ብቻ ሆነ።

ሜይ 10 ላይ ከላይ የነበሩ ሌሎች ቡድኖችን ማዕበል ያዛቸው። ስምንት ሰው ሞተ። እነብሬሺርስ ከታች ነበሩ። ለራሳቸው መውጫ ብለው ከፍተኛው ካምፕ ላይ ያስቀመጡት ኦክስጅን ነበራቸው፣ የተቸገረው ሰው ድንኳናቸውን ከፍቶ እንዲጠቀምበት በሬዲዮ ፈቀዱ። ቀረጻውን ትተው የተረፉትን ለማውረድ ወጡ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ሜይ 23 ላይ እንደገና ሞክረው ጫፉ ላይ ደረሱ። ከነሱ መሃል ጃምሊንግ ተንዚንግ ኖርጌይ አለ፣ በ1953 ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን የረገጠው የተንዚንግ ልጅ። ብሬሺርስ ፊልሙን ካሜራው ውስጥ ያስገባው በባዶ እጁ ነው፣ በጓንት ቀዳዳዎቹን ከጥርሶቹ ጋር ማጋጠም ስለማይቻል። አንዴ ከረር ያለ ብርድ ላይ የበር ቁልፍ ያሽከረከረ ሰው ይሄን ይረዳዋል። ካሜራና ዕቃውን ተሸክመው የወጡት ሸርፓዎች፣ የአካባቢው ተራራ ወጪዎች፣ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሊወራላቸው ሲገባ ከሁሉም ያነሰ የሚወራላቸው ናቸው።

ወንዝም ላይ እንዲሁ ነው። በ2003 መጨረሻ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከጥቁር አባይ ተነስተው በ2004 ሜዲትራኒያን ባህር እስኪደርሱ ወንዙን በጀልባ ሲከተሉ፣ ለግዙፍ ስክሪን የሚቀርጸው ካሜራም አብሯቸው ነበር።

«የምንሰማው ድምፅ እዚያው የተቀዳ ነው»

አይደለም። ካሜራው እየጮኸ እንዴት ይሆናል? እንስሳውም ብዙ ጊዜ ከሩቅ በሌንስ ነው የሚሳበው። የድብ ኮቴ በረዶ ላይ ጭርጭር ሲል የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተሠራው፣ የበቆሎ ስታርች ከረጢት ውስጥ ጨምሮ በመጭመቅ። ድቡ ራሱ አንዱ ትዕይንት ላይ አንድ ድብ፣ ሌላው ላይ ሌላ ድብ ሊሆን ይችላል፣ ቅንብሩ አንድ ያደርጋቸዋል።

ይሄ ውሸት ነው? እኔ ድምፁን ይቅር እላለሁ። ሙዚቃውም እዚያ ጫካ ውስጥ አልነበረም። ይቅር የማልለው የእንስሳውን ጠባይ ሲፈጥሩ ነው። ለግዙፍ ስክሪን ባይሆንም በ1958 የወጣ አንድ ስመ ጥር የተፈጥሮ ፊልም አለ፣ ኦስካርም ወስዷል። ሌሚንግ የሚባሉ ትንንሽ የአይጥ ዘመዶች በጅምላ ገደል ሲገቡ ያሳያል። ኋላ የካናዳ ቴሌቪዥን ሲያጣራ እንስሳቱ ከሌላ ቦታ የመጡ፣ የተገፉ ሆነው ተገኙ። ሌሚንጎች ራሳቸውን አያጠፉም። ይሄው እስከ ዛሬ ያጠፋሉ የሚል ሰው ሞልቷል።

«የጠፈሩ ምስል ሁሉ የኮምፒውተር ሥራ ነው»

ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። ጠፈርተኞች ከ1984 ጀምሮ ግዙፉን ካሜራ ይዘው እየወጡ ቀርጸዋል፣ ካሜራውን እንዴት እንደሚያስነሱ ሰልጥነው። ምድርን ከላይ፣ ጓደኛቸው ሲተኛ፣ ሳተላይት ሲጠገን ያየነው እውነተኛ ፊልም ነው። ኔቡላ (ጠፈር ላይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ውስጥ ሰርስረን ስንገባ ግን ማንም ካሜራ ይዞ እዚያ አልሄደም። ከቴሌስኮፕ ምስልና ከሳይንቲስቶች ስሌት ተነስቶ በኮምፒውተር የተሠራ ጉዞ ነው። ፈጠራ ግን አትበሉት፣ ካርታ በሉት። ጥሩ ፊልም የትኛው የቱ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ብዙዎቹ ግን አይነግሩም። በዚህ ቅሬታ አለኝ።

«የልጆች ነገር ነው፤ ሳይንስ የለበትም»

ስለ ጥልቅ ባህር እሳተ ገሞራ በ2003 የወጣ ፊልም ዝግመተ ለውጥን በመጥቀሱ ብቻ አንዳንድ የአሜሪካ አዳራሾች አናሳይም ብለው ነበር። ሳይንስ ባይኖርበት ማን ይጣላው ነበር?

«ያ ሁሉ አልፏል፤ አሁን ዲጂታል ነው»

አብዛኛው አልፏል። ቀረጻው ዲጂታል፣ ማሳያው ሌዘር ሆኗል። ጥቂት አዳራሾች ብቻ የፊልሙን ፕሮጀክተር ጠብቀዋል። ካሜራ ቀለለ፣ ሦስት ደቂቃ የሚባል ገደብ ቀረ፣ አንበሳዋም ስትዘል ትያዛለች። ደስ ይላል። አንዳንድ አዲስ ፊልም ሳይ ግን ብዙ ቀርጸው መምረጥ ያቃታቸው ይመስለኛል። ምናልባት እያረጀሁ ይሆናል።

«ፊት ወንበር ይሻላል»

ኧረ በፍጹም። አንዴ «ጠጋ ብዬ ልየው» ብዬ ፊት ተቀምጬ አርባ ደቂቃ ሙሉ የዝሆን ጉልበት ሳይ ነው የወጣሁት፣ አንገቴም ለሁለት ቀን አልዞር አለኝ። ወንበሮቹ ቁልቁለት ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፣ ስለዚህ ኋላ መቀመጥ አያርቃችሁም። ከመሃል ከፍ ብሎ፣ መሃለኛው መስመር ላይ ነው ቦታው። ጉልላት አዳራሽ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ወደ ኋላ። ራሳችሁን ካዞራችሁ ምክንያቱ ዓይናችሁ «እየበረርን ነው» ሲል ጆሯችሁ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «ተቀምጠናል» ማለቱ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ዓይን መጨፈን ይበቃል። ገደሉ ካለፈ በኋላ ትገልጡታላችሁ።