ከጅማ የሚታየው ሰማይና የምድር እንቅስቃሴ

ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቡናዋና ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስሟን በየአገሩ አስጠርተዋል። ማታ ከግቢ ወጥቶ ቀና ለሚል ሰው ግን ከሁሉ በላይ ቁም ነገር ያለው በዚያች 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ ነው። የትኛው ኮከብ አናት ላይ እንደሚቆም፣ ፀሐይ መቼ ጥላ እንደምታሳጣ፣ አዲስ ጨረቃ ምን መልክ ይዛ እንደምትወጣ የሚወስነው ይኸው የኬክሮስ ቁጥር ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሰማይን የሚስሉት ብዙውን ጊዜ ከአውሮፓ ሆነው ነው፤ በእነሱ ሥዕል የጅማን ሰማይ የፈለገ ልጅ ሳያገኘው ይቀራል።

ከምድር ዙረት እንነሣ። ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ ለመዞር የሚፈጅባት 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ነው። እኛ 24 ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከአንድ ቀትር እስከ ቀጣዩ ቀትር የምትቆይበትን ጊዜ ነው። ምድር እየዞረች በፀሐይ ዙሪያም ስለምትጓዝ፣ ዙረቷን ጨርሳ እንደገና ፊቷን ወደ ፀሐይ ለመመለስ 4 ደቂቃ ገደማ መጨመር አለባት። በዚህ የተነሣ ማንኛውም ኮከብ ከትናንቱ 4 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይወጣል፤ በወር ሲደመር 2 ሰዓት ይሆናል። በጥቅምት እኩለ ሌሊት ላይ ያየነውን ኮከብ በኅዳር ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ የምናገኘው ስለዚህ ነው።

የጅማ መሬት በዚህ ዙረት ወደ ምሥራቅ በሰዓት 1,655 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጉዞው ስለማይፈጥንና ስለማይዘገይ ሰውነታችን አያውቀውም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፉኮ በ1851 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ረጅም ዥዋዥዌ (ፔንዱለም) ሰቅሎ ዙረቱን በዓይን አሳይቷል፤ የመወዛወዣው አቅጣጫ ቀስ በቀስ እየዞረ በ32 ሰዓት ገደማ ወደ መነሻው ይመለሳል። ያው ዥዋዥዌ ጅማ ላይ ቢሰቀል 7 ቀን ተኩል ይፈጅበት ነበር፤ ለምድር ወገብ በቀረብን መጠን የምንቆምበት ወለል በአናታችን አቅጣጫ ዙሪያ የሚሽከረከረው እያነሰ ይሄዳልና።

የሰሜን ዋልታ ኮከብ ከአድማስ በላይ ያለው ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር ሊተካከል ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ጅማ ላይ ከ8 ዲግሪ አይርቅም። ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ ጡጫውን የጨበጠ ሰው በጡጫው 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ኮከቡ ከዚያም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ከተማዋን የከበቡት ኮረብታዎችና ዛፎች በቀላሉ ይጋርዱታል። በሌላ በኩል ትልቅ ጥቅም አለ፤ በደቡብ በኩል ከዓይን የሚሰወረው በዋልታው ዙሪያ ያለች 8 ዲግሪ የማትሞላ ክብ ብቻ ናት። ለንደን ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከአገሩ ሳይወጣ የማያየውን የደቡብ መስቀል የተባለ ኅብረ ኮከብ የጅማ ሰው ከደጁ ያየዋል።

ለዚህ የሚስማማው ጊዜ በጋው ነው። በደቡብ ምዕራብ ዝናቡ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘልቃል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ይጠራል። በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን አንገትን ወደ ኋላ ጥሎ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት ነው። እዚያ የምትታየው ቀላ ያለች ደማቅ ኮከብ ቤቴልጁስ ትባላለች። ከሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ በላይ ሰማዩን ለሁለት ከሚከፍለው መስመር) ወደ ሰሜን ያላት ርቀት 7 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ስለሆነ ከጅማ ትክክለኛ አናት የምትርቀው ሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ያህላል። ይህን የመሰለ ደማቅ ኮከብ እንዲህ በትክክል አናቱ ላይ የሚቆምለት ከተማ ብዙ አይደለም፤ የጅማ ልጆች ይህን እንዲያውቁት አጥብቄ እመኛለሁ። ከእሷ ወደ ደቡብ ዝቅ ሲሉ ሦስቱ በአንድ መስመር የተደረደሩት የኦሪዮን ኮከቦች አሉ። ከእነሱ ቀጥሎ ከሌሊት ኮከቦች ሁሉ የሚደምቀው ሲሪየስ፣ 8.6 የብርሃን ዓመት (የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ርቆ ይታያል። ወደ ደቡብ አድማስ ጠጋ ብሎ ደግሞ በድምቀት ሁለተኛው ካኖፐስ፣ ዐረቦች ሱሀይል የሚሉት፣ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ያበራል።

በዚያው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ለተነሣ ሰው ሌላ ትዕይንት ይጠብቀዋል። በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል 22 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ፊቱን ወደ ሰሜን ሲያዞር የትልቁ ድብ ሰባት ኮከቦች እንደ ጭልፋ ተዘርግተው ይጠብቁታል። የሁለቱን ዋልታዎች ምልክት ከአንድ ደጃፍ በአንድ ጊዜ ማየት የሚቻለው ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ነው። ፍኖተ ሐሊብ፣ የራሳችን ጋላክሲ፣ በመሐሉ በኩል ጎልቶ የሚታይባቸው ወራት አብዛኞቹ በክረምቱ ደመና ስለሚሸፈኑ፣ የጥቅምት ማብቂያ እንደመሸ ወደ ደቡብ ምዕራብ ማየት ይሻላል።

በቀን ደግሞ መሣሪያው አንድ እንጨት ነው። በቱምቢ ተለክቶ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ሚያዝያ 1 ወይም 2፣ እንደገናም ነሐሴ 27 ወይም 28 ቀትር ላይ ጥላው ከሥሩ ይጠፋል፤ ፀሐይ በትክክል አናት ላይ ናትና። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሪው ዓመት ወደ ሰሜን። ቀትሩን በሰዓት ለመጠበቅ የሚፈልግ ግን 6 ሰዓት ሲሆን እንዳይቸኩል። የኢትዮጵያ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው፤ ጅማ ከዚያ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስለምትርቅና ለእያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስለሚታሰብ፣ የጥላ መጥፊያው 6 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ ነው።

ይህን የጥላ መንከራተት የሚያመጣው የዛቢያው 23.4 ዲግሪ ማዘንበል ነው። ወቅት የሚለዋወጠው ምድር ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ዘንድ ይሰማል፤ ትክክል አይደለም። ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በታኅሣሥ ማብቂያ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን፣ የምትርቀው በሰኔ ማብቂያ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አውሮፓ በብርድ የምትቆራመደው በቀረበችበት ጊዜ ነው። ጅማ ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ እዚህ ወቅት የሚለየው በዝናብ ነው። ያም ዝናብ ቢሆን ከማዘንበሉ ውጭ አይደለም፤ የዝናብ ቀበቶው ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ይደርሰናል፣ ወደ ደቡብ ሲመለስ ይተወናል።

ዛቢያው ራሱ ሽክርክሪቱን ሊያበቃ እንደተቃረበ እንዝርት አናቱን በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ያዞራል። የዋልታውን ኮከብነት ሌላ ኮከብ የሚወርሰው ለዚህ ነው።

ጨረቃ ከእኛ በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከአንድ ልደት እስከ ቀጣዩ ልደት 29 ቀን ተኩል ትወስዳለች። ጅማ ውስጥ ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ረመዳን ሲቃረብ በ29ኛው ቀን ምሽት ዓይን ሁሉ ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ጨረቃዋ ካልታየች ወሩ 30 ይሞላል። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ስለሆኑ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል። እዚያው ሰፈር ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ፋሲካን በባሕረ ሐሳብ ሲያወጣ ጨረቃን ከፀሐይ ዓመት ጋር ያስታርቃል፤ 19 ዓመትና 235 ጨረቃዎች ሊገጥሙ ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚቀራቸው ስሌቱ በ19 ዓመት ዑደት ይሄዳል። የቦረና ኦሮሞ ሊቃውንት በበኩላቸው ወራቱን የሚለዩት ጨረቃ ከተመረጡ ከዋክብት ጋር በምትገናኝበት ቦታ ነው። የጅማን አዲስ ጨረቃ ያስተዋለ ሰው ቀንዶቿ ወደ ላይ ዞረው እንደ ጀልባ ጋደም ብላ ያያታል። የፀሐይና የጨረቃ መንገድ ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ወደ አድማሱ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ የሚበራው ጎኗ ወደ ታች፣ ወደ ጠለቀችው ፀሐይ ይዞራል።

ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ የሚሆነውን ብዙዎቻችን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. አይተናል፤ ላሊበላ አካባቢ ቀለበት ሆኖ የታየው ግርዶሽ ጅማ ላይ በከፊል ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሜን አፍሪካ እስከ ሰሜን ሶማሊያ የሚያልፍ ሙሉ ግርዶሽ አለ፤ ጅማ ከፊሉን ታገኛለች፣ የክረምት ደመና ካልከለከለ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መነጽር ሳይያዝ ፀሐይን ማየት ዓይን ያሳውራል፤ የተለመደው ጥቁር መነጽርም አይበቃም።

አንድ ኮከብ ደግሞ ለጅማ ሰው ልዩ ነው። በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የስያሜ ዘመቻ ኢትዮጵያ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት እንድትሰይም ዕድል ተሰጥቷት፣ በ2012 ዓ.ም. ኮከቡ «ቡና»፣ ከጁፒተር የሚከብደው ፕላኔቱ «አቦል» ተብለዋል። ቡና በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ከ190 የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ይገኛል። ከእሱ ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን የተነሣው ቀዳማዊ አባ ጅፋር የጅማን መንግሥት በመሠረቱበት ዘመን ገደማ ነው። ያለ መሣሪያ አይታይም፤ ጥሩ ባይኖኩላር ግን ይበቃዋል። በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቡናው ከየማሳው እየተለቀመ ባለበት ወቅት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ከጅማ በሰሜን በኩል፣ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል።